ከገፈርሳ እስከ ቦሌ፤ የአይሮፕላን ስንቅ ታሪክ

የአይሮፕላን ነገር በተነሣ ጊዜ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሰማይ ይመለከታል። ይሁን እንጂ አይሮፕላን የሚበርረው በምድር በተሰናዳለት ስንቅ ልክ ነው፤ ስንቁም ነዳጅ ነው። የአይሮፕላን ማረፊያውን ለማስፋት የተነሣ ከተማ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባው የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳል።

ከኮልፌ አልፎ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ገፈርሳ፥ በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን ያረፈባት ስፍራ ናት። ሞተሩ በቤንዚን የሚሠራ ነበረ። በዚያ ዘመን ቤንዚን እንደ ሌላው የውጭ ዕቃ በባሕር ጅቡቲ ደርሶ በምድር ባቡር ይመጣ ነበረ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፥ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። በልደታ ሜዳ ይገለገሉ የነበሩት ዲሲ 3 አይሮፕላኖችም ስንቃቸው ያው ቤንዚን ነበረ።

ጄት በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጄት የሚያቃጥለው ነጭ ጋዝን የሚመስል ነዳጅ ስለ ሆነ፥ ከቤንዚን ጋራ እንዳይቀላቀል የራሱ ማጠራቀሚያ፥ የራሱ ቧንቧና የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። በስስ አየር የክንፉም የሞተሩም ኃይል ስለሚቀንስ አይሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይሻል፤ መንደርደሪያው ካጠረ ወይ ከመንገደኛው ወይ ከነዳጁ መቀነስ ግድ ነው። ልደታ ለዚህ ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች አገልግሎት ጀመሩ።

ነዳጅን የሚያሰናዳ መሐንዲስ ሦስት ነገር ይመዝናል። መጀመሪያ መጠኑን፤ መንገድ ቢቋረጥ ወይም መርከብ ቢዘገይ ማጠራቀሚያው ስንት ቀን ያቆያል? ሁለተኛ ጥራቱን፤ በነዳጅ ውስጥ የቀረ ውሃ በከፍታው ብርድ በረዶ ሆኖ ማጣሪያ ሊዘጋ ስለሚችል፥ ነዳጁ ረግቶ፥ ውሃው ከሥር ተቀድቶ፥ ናሙናው ተመርምሮ ሊሰጥ ይገባል። ሦስተኛ አቀራረቡን፤ ለጥቂት አይሮፕላኖች የነዳጅ መኪና ይበቃል፥ ለብዙዎች ግን በመሬት ሥር የተቀበረ ቧንቧ ይሻላል።

የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራውን ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ነዳጅ ተጣርቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። እንግዲህ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለታቀደው ታላቅ ማረፊያ፥ ስፍራው ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ለመነሣት ቢረዳም፥ የስንቁን መንገድ አያሳጥርም። ሕንፃው ከመዋቡ አስቀድሞ ማጠራቀሚያው ይታሰብ፤ ስንቅ የሌለው መንገደኛ ከደጁ አይርቅምና።