ሁለት መለኪያ፦ የአእምሮ ሕመምና የላስታ ደጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ ይጥላል። በሽታውን ሳይደብቅ፣ እንዲያውም መንደርተኛው ሁሉ እያወቀለት፣ መድኃኒቱ ግን የራቀበት ሰውስ ምን ይባል? በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። ለምሳሌነት የላስታን ደጋ መርጠናል። ላሊበላን የማያውቅ የለም፤ አእምሮው የታመመ የላስታ ገበሬ የት ሲታከም እንደ ኖረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲባል እንሰማለን፤ «እብደት የከተማ በሽታ ነው፤ ባላገሩ አየሩ ንጹሕ፣ ጎረቤቱ ብዙ፣ ሃይማኖቱ ጽኑ ስለ ሆነ አእምሮው አይናወጥም»። ለመሆኑ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ከቁጥር የመጣ ከሆነ ቁጥሩን ማን ቆጠረው? የትስ ሆኖ ቆጠረው? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የሕግ መጽሐፍ እንገልጣለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያዘጋጀው፣ አንድ ሰው እብደቱ በገሃድ የታወቀ ነው የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ሲደነግግ ሁለት መለኪያ አበጀ። በቁጥር 341 መሠረት ሰውየው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም ይህን በመሰለ ቤት ገብቶ እንደ ሆነ፣ እዚያ በቆየበት ጊዜ ሁሉ እብደቱ የታወቀ ነው። ቁጥር 342 ግን ነዋሪያቸው ከ2000 ሰው በታች ስለ ሆነ ትንንሽ አጥቢያዎች ይናገራል። እዚያ መለኪያው ሐኪም ቤት አይደለም። ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁት፣ እንደ ልቡም እንዳይዘዋወር የሚያግዱት ከሆነ በቂ ነው።

ሕግ አውጪው ክፋት አስቦ አልነበረም። የድንጋጌው ዓላማ ሰውየው የፈጸመው ውል ይጽና ወይስ ይፍረስ የሚለውን ለመወሰን ነው። ዳሩ ግን ሳያስበው የአገሪቱን የሕክምና ካርታ ነደፈልን። ለከተሜው የሆስፒታል አልጋ፣ ለባላገሩ የቤተሰብ ገመድ። በላስታ የታመመ ሰው ታሪክ በአብዛኛው የዚህች የቁጥር 342 ታሪክ ነው ብንል አላጋነንንም።

ይህ ማለት ግን ደጋው ባዶ እጁን ነበር ማለት አይደለም። ያገራችን ሊቃውንት ስለዚህ ሕመም ከጥንት ጀምረው አስበውበታል። በብራና በተጻፉት ክታቦች ላይ «ባርያ» እና «ለጊዮን» የሚባሉ መናፍስት እየተጠሩ ይገሠጻሉ፤ ሰውን የሚጥለው በሽታና አእምሮን የሚያናውጠው ሕመም ለእነሱ ይሰጣል። ደብተራው ክታቡን ይጽፋል፤ ሕመምተኛው በአንገቱ ያንጠለጥላል። በጎንደር ደግሞ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 የዛር ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ ያየውን መዝግቧል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚያው ስለ ጎንደር ዛር ሲጽፍ ነገሩን የቡድን ሕክምና ብሎታል። በወሎ እስላም አገርም ወዳጃ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ ለታመመው ዱዓ ይደረጋል። እንግዲህ «ባላገሩ ይህን በሽታ አያውቅም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። የሌለ በሽታ ይህን ያህል ስም፣ ይህን ያህል ጸሎት፣ ይህን ያህል ባለሙያ ከየት ያመጣል?

በላስታ ከሁሉ የሚበልጠው ጠበል ነው። ከላሊበላ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናኑም በጠበልነት ይወስዱታል። ይምርሐነ ክርስቶስም ሌላው የሱባኤና የሳላሚ ቦታ ነው። ጠበልተኛው ሳይቀምስ በማለዳ ይጠጣል፣ ይጠመቃል፤ ሰባት ቀን አንድ ሱባኤ ነው፣ ካልተሻለው ሁለትም ሦስትም ይይዛል። እናቱ ወይም ወንድሙ በአስታማሚነት አብሮት ይሰነብታል። በሶውና ዳቦ ቆሎው በጋራ ይበላል። በበሽታው ያልተሰደበበት፣ የሚያስታምመው ሰው አጠገቡ ያልታጣበት ቦታ ይህ ነበር። የዘመኑ ሐኪም ቤት ይህን ማድረግ ገና አልሆነለትም፤ ስለዚህ ጠበሉን በንቀት ማየት አላዋቂነት ነው።

ነገር ግን እውነቱን ግማሹን ብቻ መናገርም አይገባም። በየጠበሉ ቦታ ሰንሰለት አለ። የታመመውን «መንፈሱን ለማስወጣት» በመቁጠሪያ መምታት አለ። በደጋ ብርድ እርቃኑን ቀዝቃዛ ውሃ ስር ማቆም፣ በጾም ማድከም አለ። ቤተሰብም ቢሆን ሲያስር ጨክኖ አይደለም፤ ላስታ ገደል ነው፣ ሌሊት የወጣ ሕመምተኛ ጠዋት ሬሳው ይገኛል። የሚያስረው ወንድም ምርጫ የለውም። ምርጫ የሚባለው ነገር ሁለተኛ መንገድ ሲኖር ነው።

ሁለተኛው መንገድ የት ነበር? ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። አልጋው 360 ያህል ነበር። የቦታውን ስም አዲስ አበቤው ስድብ አደረገው፤ «አማኑኤል ይግባ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። የላስታ ሰው ግን ለስድቡም አልደረሰም። ከላሊበላ እስከ ወልድያ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወልድያ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 በላይ። ባላገሩ «የቻይና መንገድ» የሚለው የወልድያና የወረታ ጎዳና በ1970ዎቹ ዓ.ም. እስኪጠናቀቅ ድረስ ይህ ጉዞ በአብዛኛው የእግርና የበቅሎ ነበር። መንገዱ ከተሠራም በኋላ ሕመምተኛውን የሚይዙ ሁለት ጎረምሶች፣ የሦስት ሰው የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የከተማ ማደሪያ፣ ሲመለሱ ደግሞ የወር መድኃኒት ያስፈልጋል። አንድ በሬ ተሸጦ ይህ ይሞላል እንበል፤ በሚቀጥለው ወርስ ምን ይሸጣል?

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ላሊበላ ለዓለም ሩቅ አለመሆኗ ነው። አብያተ ክርስቲያናቷ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ነበሩ። ቱሪስቱ በአይሮፕላን መጥቶ በአይሮፕላን ይመለሳል። ድንጋዩን ለማየት የሚመጣበት መንገድ ሲገኝ፣ ከድንጋዩ አጠገብ የታሰረውን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ መንገድ አልተገኘም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ሕመምተኛ በሆስፒታል መዝገብ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ፣ ሆስፒታል በሌለበት አገር ሕመምተኛ የለም ማለት ነው። ይህን ስሕተት ያገራችን ተመራማሪዎች ራሳቸው ገልጠውታል። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ ሆስፒታል ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ ቤት ለቤት ዞረ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ ሕመም ከ1000 ሰው በ5 ያህሉ ላይ ተገኘ፤ ይህም በሌላው ዓለም ከሚታየው ብዙም አይርቅም። ከእነዚህ ውስጥ ከዚያ በፊት የሕመሙን መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ልብ ይባልልን፤ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ላስታን አንባቢ ራሱ ያስላ።

አገር ከአገር ልዩነት ጨርሶ የለም አንልም። ማዘንና መፈንጠዝ የሚፈራረቁበት ባይፖላር የሚባለው ሕመም በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ከ100 ሰው ወደ 2 በሚጠጋ መጠን ሲገኝ፣ በቡታጅራ ከ100 ሰው ግማሽ ያህል ነበር። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የቦረና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት በቦረና አንድም የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ አላገኘም። አንዳንዱ «አየህ፣ አርብቶ አደሩ አያብድም!» ሳይል አልቀረም። ተመራማሪዎቹ ግን አላረፉም። ተመልሰው የአገሩን ሰዎች በራሳቸው ቋንቋና አስተሳሰብ ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍም ሕመሙ እንዳለ አስታወቁ። የጎደለው ሕመሙ ሳይሆን አጠያየቁ ነበር። ዜሮ የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለ ሕመምተኛው ሳይሆን ስለ ቆጣሪው ይናገራል።

እስካሁን ያልነው የቤተሰቡ ጥበቃ ባለበት እንደ ጸና ቆጥረን ነው። የላስታ ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ መጀመሪያ የፈረሰው ጎጆ ነው። ሰው በየመጠለያው ተበተነ፤ ልጅ ከእናቱ ተለየ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሠፈራ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተወሰደ፤ ብዙው የወሎ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የሞተው ተቆጠረ፣ የተራበው ተቆጠረ፣ የተጫነው ተቆጠረ። ያበደው አልተቆጠረም። ደግሞስ ማን ይጠብቀው? ቁጥር 342 የምትተማመንበት ቤተሰብ ራሱ ተበትኗልና። የባላገሩ ብቸኛ ሆስፒታል ዘመድ ከሆነ፣ ረሃብ ሆስፒታሉን አቃጠለው ማለት ነው።

ለውጥ የመጣው ዘግይቶና በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ፤ ሠልጥነውም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ። በታሪክ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠሩት እነዚህ ነርሶች ናቸው ብለን እናምናለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በጀመረበት በ1995 ዓ.ም. ከ70 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሩት ሐኪሞች ከ12 አይበልጡም ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ በጎንደርና በጅማም ትምህርቱ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አሰበ። በወረቀት ላይ ቁጥር 341 ወደ ገጠር መውረድ ጀመረ።

ጅምሩ ሳይጠና ጦርነት መጣ። ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ መብራትና ስልክ ተቋርጦባት ወራት አሳለፈች። ለወሎ ሕመምተኛ ቅርብ የነበሩት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም ክልሉ ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ። የዚህ ሕመም መድኃኒት በየቀኑ ወይም በየወሩ የሚወሰድ ነው፤ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ተኩስ ባልደረሰበት ቤትም ቢሆን መንገድ መዘጋቱ ብቻ ሰው ያሳምማል። በላዩ ላይ በዓይናቸው ባዩት ነገር እንቅልፍ ያጡት፣ የሚበረግጉት፣ ዝም ያሉት አሉ። እነሱም እንደ 1977ቱ ሳይቆጠሩ ይቅሩ?

ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ ከደጋው ውጭ አይደለም። ሕመምተኛው የሚገኘው ጠበሉ ዘንድ ከሆነ ነርሷም እዚያው ትሂድ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስድ መክረዋል። በአዲስ አበባም በአንድ የጠበል ቦታ አጥማቂ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ተጽፎ ወጥቷል። በላስታ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። ካህኑ ሰንሰለቱን ይፍታ፣ ነርሷ ክኒኑን ታድርስ፣ አስታማሚዋ እናትም እንደ ወትሮዋ አጠገቡ ትቀመጥ።

ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ለባላገሩ የተሰጠው መለኪያ «ማን ይጠብቀዋል? ማን ያስረዋል?» የሚል ነበር። ላስታ ሲጠብቅ ኖሯል፤ በረሃብም በጦርነትም ጊዜ የቻለውን ያህል ጠብቋል። አሁን የሚቀረው ጥያቄ ለእኛ፣ ለተማርነው ነው። «ማን ያክመዋል?»