ቁሱ ያልቆየለት ታሪክ፦ የመተማ ቆላና የሜዳ ላይ ሙዚየም



መተማ ስትነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸው ቁስል የደረሰባቸው ዕለት። ይሁን እንጂ መተማ የአንድ ቀን አገር አይደለችም። የጎንደርን ደጋ ከሱዳን ሜዳ የሚያገናኘው የሲራራ ንግድ መስመር በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። ጉሙዞች፣ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ መጥተው የሰፈሩ ተክሩሮች፣ ከደጋ የወረዱ ነጋዴዎች በገበያዋ ይገናኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች ዛሬ ወዴት አሉ?

የጎንደር ነገሥታት በድንጋይና በኖራ ስላነጹ ፋሲል ግቢ ቆሞ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1979ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቆለኛው ግን የሠራው በሽመል፣ በእንጨትና በሣር ነው። ይህን ምስጥ ይበላዋል፤ እሳት ይፈጀዋል። በዚህም የተነሣ የታሪክ አጻጻፋችን ቁሱ ለቆየለት ወገን ሲያደላ ኖሯል።

አርቱር ሃዜሊየስ በስቶክሆልም ስካንሰን የተባለውን የሜዳ ላይ ሙዚየም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1891፣ ከመተማ ጦርነት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነበር። የገበሬ ቤቶችን ከየገጠሩ አስነቅሎ በአንድ ስፍራ መልሶ አቆማቸው። የግንድ ቤት ተፈትቶ ይገጠማል፤ የሣር ጎጆ ግን ቢያጓጉዙትም ብዙ ሳይቆይ ክዳኑ መታደስ አለበት። ስለዚህ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የጃፓኑ የኢሴ መቅደስ ይመስለኛል። መቅደሱ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ተከናውኗል። በዚያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው የአናጢው ዕውቀት ነው።

ለምዕራብ ጎንደር ቆላ እንዲህ ያለ ሙዚየም ቢታሰብ፣ ዋናው ቅርስ ሽመሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ማገሩ እንዴት እንደሚታሰር፣ ክዳኑ በምን ስልት እንደሚደራረብ የሚያውቀው ባለሙያ ይሆናል። ጎጆው በየጊዜው በጎብኚ ፊት ይፈርሳል፤ በወጣቶች እጅም ዳግም ይቆማል። አንድ «የተለመደ መንደር» ብቻ ማሳየትም አይበቃም፤ በድንበር ላይ የኖረ ሕዝብ ቤቱም ቋንቋውም ልዩ ልዩ ነውና።

ቆርቆሮ ሣሩን በተካ ቁጥር ይህን ሙያ የሚማር ወጣት ያንሳል። ሙዚየሙ እስኪሠራ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ተማሪዎቻችን ሜትርና ደብተር ይዘው ወደ ቆላው ቢወርዱ፣ ባለሙያዎቹን በየራሳቸው ቋንቋ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ የሙዚየሙ መሠረት ያን ጊዜ ተጥሏል።