ደንገል፣ ገመድና የታንኳ ጥበብ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ውኃን መሻገር ከታላላቅ ድሎቹ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የመርከብ ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታትና የአሳሾች ስም ይቀድማል፤ ደንገሉን ያጨደው፣ ገመዱን የገመደው፣ ቋጠሮውን ያጠበቀው እጅ ይዘነጋል። ከጣና ሐይቅ የታጨደ ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስን ያቋረጠበት ታሪክ የዚህን ዝንጋታ ዋጋ በጉልህ ያሳያል።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ታጭዶ በፀሐይ የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ጎን ለጎን ተጠፍረው የታንኳውን አካል ይሠራሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የቋጠረ በመሆኑ፣ ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ጣውላ ጀልባ ውኃ ስለማያስገባ ሳይሆን አካሉ ራሱ ከውኃ ስለሚቀል ነው። ሸራ የለውም፤ በመቅዘፊያ ወይም በረጅም ዘንግ ይነዳል። ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። በዚህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው።

በጥንታዊት ግብፅ በአንጻሩ የደንገል ጀልባ ቅርጽ ከሸራ ጋር ተጣምሮ እናገኘዋለን። በመቃብር ግድግዳዎች ላይ ከተሣሉት ጀልባዎች አንዳንዶቹ ባለ ሁለት እግር ምሰሶ አላቸው። ይህ ጌጥ አይደለም። በነዶ የታነጸ አካል አንድ ምሰሶ የሚተከልበት ጽኑ አከርካሪ ስለሌለው፣ ሁለቱ እግሮች የሸራውን ሸክም ለግራና ለቀኝ ያካፍላሉ።

እንዲህ ያለው ጀልባ ውቅያኖስ ይሻገር እንደሆነ ለመፈተን የተነሣው ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ነበር። በ1961 ዓ.ም. 12 ቶን ገደማ ደንገል ከጣና ወደ ግብፅ አስወሰደ፤ ሠሪዎቹን ግን ከቻድ ሐይቅ አመጣ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የተሠራችው «ራ» 15 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሰባት ሰዎችን ይዛ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች።

በጥንቱ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ ይታያል። የቻድ ታንኳ የተቆለመመ ጅራት ስለሌለው ሠሪዎቹ የገመዱን ጥቅም የሚያውቁበት ምክንያት አልነበረም፤ ጅራቱ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ገመዱ እንዲቀር ተደረገ። ምሥጢሩ የተገለጠው በማዕበል መካከል ነው። ገመዱ ጅራቱን ወደ ታች የሚጎትት ብቻ ሳይሆን፣ የኋላውን ወለል ወደ ላይ የሚሸከም አውታር ኖሯል። እሱ በሌለበት የ«ራ» የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ ሰጠመ። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ በሐምሌ ወር ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች።

በ1962 ዓ.ም. ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች በሌላ የአጠፋፈር ስልት «ራ 2»ን ሠሩ። ይህች 12 ሜትር ያህል የምትረዝም ጀልባ 6,100 ኪሎ ሜትር ገደማ በ57 ቀናት አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። እንግዲህ ድሉ የሸራውና የነፋሱ ብቻ ሳይሆን የቋጠሮውም ነበር።

የግብፅ ሠሪዎች ገመዱን በሥዕል ትተውልን ሳለ እንኳ ትርጉሙ ጠፍቶ መርከብ አስከፍሏል። የወይጦ ጥበብ ያለው ግን በግድግዳ ላይ ሳይሆን በእጅ ውስጥ ነው። ኅብረተሰባችን በታንኳው ተሻግሮ ታንኳ ሠሪውን ሲንቅ ኖሯል፤ በማረሻው አርሶ ቀጥቃጩን፣ በድስቱ ቀቅሎ ሸክላ ሠሪዋን እንደ ናቀ ሁሉ። ዛሬ የጣና ደንገል እየመነመነ፣ የሞተር ጀልባ እየበዛ ሄዷል። ሞተሩን የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን ዕውቀት ሳይመዘገብ ከባለቤቱ ጋር ሲቀበር ጉዳቱ የሁላችንም ነው።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ከታንኳ ሠሪው አጠገብ ያስቀምጥ፤ ሠዓሊው ቋጠሮውን ይንደፍ፤ ጸሐፊው የእያንዳንዱን ክፍል ስም ይመዝግብ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሠሪው ክብሩን ያግኝ፤ የተናቀ አባት ሙያውን ለልጁ ለማውረስ አይደፍርምና።