የዝናብ ጠቋሚ መድንና እድር፦ የልኬቱን ስሕተት ማን ይሸከም?

በኢትዮጵያ የዝናብ መድን በሰፊው የታወቀው በሁለት ሙከራዎች ነው። በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ተዋዋለ። ዓረቦኑ 930,000 ዶላር ነበር፤ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የተለካው ዝናብ ከተወሰነው በታች ቢወርድ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይለቀቅ ነበር። ዝናቡ አልጎደለም፤ ካሳም አልተከፈለም። በዚያ ውል ዋስትና ያገኘው እርዳታ ሰጪው ድርጅት ነው፤ ገበሬው የውሉ ተዋዋይ አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ ወደ ማሳው ወረደ። በ2009 በትግራይ ዓዲ ሓ 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው መድን ገቡ። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ስዊስ ሪና ኒያላ ኢንሹራንስ አብረው ሠሩበት። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ዓረቦኑን በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በጉልበቱ እንዲከፍል መደረጉ የሙከራው ብልሃት ነበር። በ2011 የገቡት ቤተሰቦች 13,000 ያህል ደረሱ፤ በ2012 ከ12,000 በላይ ገበሬዎች ካሳ ተቀበሉ።

የውሉ አሠራር ቀላል ነው። ስንት ኩንታል እንደታጨደ ማንም አይጠይቅም፤ የሚለካው ጤፉ በሚዘራበትና በሚያሸትበት ወቅት የዘነበው ዝናብ ብቻ ነው። ገማች ወደ ማሳ ስለማይላክ ወጪው ይቀንሳል፤ አረሙን ሳይነቅል ካሳ የሚጠብቅ ሰውም አያተርፍም።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው። በእንዲህ ያለ ውል ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሳተላይት ነው፤ ሳተላይቱ ግን በአብዛኛው ዝናቡን በቀጥታ አያይም፤ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ይገምታል። በተራራማ አገር ደግሞ ዝቅ ካለና ብዙም ካልቀዘቀዘ ደመና ብዙ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አንድ የልኬት ክልል ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። ስለዚህ የአንዱ ማሳ ደርቆ ልኬቱ “ዘንቧል” ሊል ይችላል። ያ ገበሬ እህሉንም ዓረቦኑንም ያጣል፤ መድን ካልገባው ጎረቤቱ የባሰ ይከፋበታል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ክላርክ በንድፈ ሐሳብ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ባለበት ውል አደጋን አጥብቆ የሚፈራ ሰው ጥቂት ብቻ ቢገዛ ትክክል ነው። “የግንዛቤ እጥረት” እየተባለ በየሪፖርቱ የሚጻፈው፣ በእኔ እይታ፣ ብዙውን ጊዜ የገበሬው ትክክለኛ ስሌት ነው።

መፍትሔው በተሻለ ሳተላይት ብቻ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የትም አያደርስም። እድርን እንመልከት። መንደሩን ሁሉ የመታ ድርቅ ከእድር አቅም በላይ ነው፤ ሁሉም ተጎጂ ከሆነ ማን ለማን ያዋጣል? የአንድ አባል ማሳ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲጎዳ ግን መደጋገፍ ይቻላል። መድኑ የጋራውን ድርቅ ቢይዝ፣ እድሩ ልኬቱ የሳተውን የአባሉን ጉዳት ሊይዝ ይችላል። ስቴፋን ደርኮን፣ ሩት ሂል፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመስክ ሙከራ፣ የእድር መሪዎች ካሳን በአባላት መካከል ስለ መከፋፈል ሲሠለጥኑ የመድን ፍላጎት ጨምሯል። ተመስገን በሊሳና ባልደረቦቹ በ2019 ያቀረቡት ጥናት ሌላ እንቅፋት ነክቷል፤ ዓረቦን የሚጠየቀው ጎተራው ባዶ ሆኖ ዘርና ማዳበሪያ በሚገዛበት ወር ነው። ክፍያው ከመከር በኋላ እንዲሆን ተደርጎ በእድር በኩል ሲቀርብ ገዢው በርክቷል።

እድር ግን በዋናነት የቀብር ማኅበር ነው። ካሳ ሲመጣ ዳኛውና ጸሐፊው ለዘመድ ሊያደሉ ይችላሉ፤ አባላቱም በተለያየ የልኬት ክልል ሊያርሱ ይችላሉ። ስለዚህ የክፍፍሉ ደንብ ዝናቡ ሳይገባ፣ ማን እንደሚጎዳ ገና ሳይታወቅ፣ በጠቅላላ ጉባኤ መጽደቅ አለበት።

መድን ሰጪዎች ውሉን ከግለሰብ ይልቅ ለእድር ይሽጡ። ገበሬዎች ከሚያስታውሷቸው ያለፉ የድርቅ ዓመታት ልኬቱ ስንቱን እንደሚስት አስልተው በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ። ያ ቁጥር የሌለበትን ውል እድሮች ባይፈርሙ ይሻላቸዋል።