ከደጀን በኋላ ሁለት መንገድ

ካርታ ዘርግቶ አገር በብስክሌት ሊያቋርጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው። ጎጃም ላይ ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ውኃውን በየት ይሻገሩታል? ዓባይ አገሩን እንደ መቀነት ዙሪያውን ስለ ታጠቀው፣ ወደ ጎጃም መግባትም ከጎጃም መውጣትም ምንጊዜም የመሻገሪያ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለሚጋልብ መንገደኛ መሻገሪያው የታወቀ ነው። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በ2000 ዓ.ም. በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ያልፋል፤ የወረደውን ያህል ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ግራው በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስን፣ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን ይዞ ይዞራል። ቀኙ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ ያቀናል፤ አጭሩም እርሱ ነው። በመካከላቸው ጮቄ ተራራ ቆሟል። ሙጋና ሱሃ በምሥራቅ፣ ጨሞጋ በምዕራብ የሚወርዱት ከእርሱ ነውና፣ በየትኛውም በኩል ቢሄዱ ሸለቆ መቍረጥ አይቀርም።

በ1955 ዓ.ም. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘችው ዴርቭላ መርፊ፣ በ1959 ዓ.ም. ከምፅዋ እስከ አዲስ አበባ ስትጓዝ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ መረጠች። ምርጫዋ አያስደንቅም። የቀድሞው የአገራችን መንገድ ለእግርና ለኮቴ የተሰጠ እንጂ ለጎማ የታሰበ አልነበረም።

ሁለቱ መንገዶች ታሪካቸውም ለየቅል ነው። ግራው የጦርና የመንግሥት መንገድ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የገቡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴና አብሯቸው የዘመተው ጦር በቡሬና በደንበጫ በኩል ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ንጉሡም ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቀኙ ግን የገዳምና የትምህርት መንገድ ነው፤ የንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በዚያ ወገን ናቸው። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይም በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከተሰበረ ወዲህ ሰዎች በገመድ እየተሳሳቡ ይሻገሩበት ነበር። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ ጥገናውን ደግሞ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላም በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት።

ሁለቱን ወገኖች ያገናኘ ደራሲም አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳ የተወለደው በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚያገኛት ዲማ ላይ ነው። ማንኩሳ በግራው መንገድ፣ ዲማ በቀኙ ወገን ይገኛሉ። በዛብህ የዞረው ጎጃም ብስክሌተኛው ሊመርጥ የሚቸገርበት ያው ጎጃም ነው።

የሉማሜ ሰው ነኝና ለግራው ባደላ የሚፈርድብኝ አይኖርም። ሆኖም ምረጥ ብባል በቀኙ ሄጄ በግራው እመለሳለሁ። ብስክሌት በፍጥነቱ ከመኪና ይልቅ ለቆሎ ተማሪ እግር ይቀርባል። ተማሪው መንገዱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በሚያድርበት ደጅ ነበር። ብስክሌተኛም ከመሸበት ሌላ መለኪያ የለውም፤ መንገድ ሲመርጥ የሚያሳድሩትን ሰዎች መምረጡ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተባባሰው ጦርነት ሁለቱም መንገዶች የተዘጉባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ «በየት?» የሚለው የቀድሞ ጥያቄ «መቼ?» ወደሚል ተለውጧል። ሰባራ ድልድይ ተሰብሮ ሳለ እንኳ ከወዲህና ከወዲያ ገመድ የሚይዝ ሰው አላጣም ነበር። መንገድ ከድንጋዩና ከአስፋልቱ ይልቅ የሚቆመው በዚያ ሰው ነው። ማዶ ቆሞ ገመዱን የሚይዝ ከተገኘ ቀኙም ግራውም ያደርሳል።