ቀላል የጽሑፍ አርታዒ

ቀላል የጽሑፍ አርታዒ በተርሚናል ውስጥ የሚሠራ፣ ማውስና ሥዕላዊ መስኮት የማይፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሩቅ ሰርቨር ላይ ያለን ፋይል በዝግተኛ ኔትወርክ ለማረም ያገለግላል። ከታወቁት መካከል ኤድ፣ ቪአይ፣ ቪም እና ናኖ ይገኛሉ። «ቀላል» የተባለው ለኔትወርኩ ነው እንጂ ኤድና ቪአይ ለጀማሪ ቀላል አይደሉም።

አሠራር

ተጠቃሚው በኤስኤስኤች ሲገናኝ አርታዒው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። የተጫነው ቁልፍ ወደዚያ ይሄዳል፤ በአብዛኛው ስክሪኑ ላይ የተለወጠው ጽሑፍ ብቻ ይመለሳል። ሥዕላዊ ዴስክቶፕ ግን ምስል ስለሚያመላልስ ብዙ ዳታ ይፈጃል። ስለዚህ ከሽንዲ በስልክ ኢንተርኔት አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ አንድ መስመር ማስተካከል የሚፈልግ ተማሪ ደካማ ኔትወርክም ይበቃዋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው። ይህም ከምስል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ታሪክ

ኤድን እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰን ሠራው። በወረቀት ላይ ለሚያትሙ ተርሚናሎች የታሰበ ስለነበር ስሕተት ሲያጋጥመው የሚመልሰው «?» ብቻ ነበር። ቢል ጆይ ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሲጽፍ በሴኮንድ 300 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ይጠቀም ነበር። ይህ በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ነው፤ 80 በ24 የሆነ ስክሪን ለመሙላት ከ1 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የቪአይ ትዕዛዞች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ፊደል የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ብራም ሞሌናር ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣ፤ ተጠቃሚዎቹም በኡጋንዳ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግሱ ይጋብዝ ነበር።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ደብዳቤው በግል ኮምፒውተር ተጽፎ ካለቀ በኋላ በስልክ መስመር በጥቅል ይላካል። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ረጅም ጽሑፍ በራስ ኮምፒውተር ጽፎ ያለቀውን ፋይል ብቻ ወደ ሰርቨሩ መላክ ይቻላል።

ግንኙነት ሲቋረጥ

ትልቁ ችግር ያልተቀመጠ ሥራ መጥፋቱ ነው። ቪም 200 ፊደል ሲጻፍ ወይም መጻፍ ለ4 ሴኮንድ ሲቆም ለውጡን በመጠባበቂያ ፋይል ይይዛል፤ ሥራውን ከዚያ መመለስ ይቻላል። ቲመክስና ስክሪን ኔትወርኩ ቢጠፋም አርታዒውን ሰርቨሩ ላይ ክፍት ያቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሞሽ ደግሞ ኔትወርኩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከተከፈቱ ነው።