ነጩ ሰንጢና የአያቴ ካራ

በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በሚገኝ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ የታሰረ መፍታት ከዕለት ተግባሬ አንዱ ነው። አምና ታላቅ ወንድሜ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ስለቱ እንደ ወተት የነጣ የሴራሚክ ሰንጢ አመጣልኝ። «አይዝግም፤ ቶሎም አይዶለዱምም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሲባጎው ገና ሲነካው ይበጠሳል። አንድ ቀን ግን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ቢወድቅ ጫፉ እንደ ስኒ ተሰበረ።

ሴራሚኩ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ከተባለ ዱቄት በኃይለኛ እሳት የተጋገረ ነው፤ ከብረት ይጠነክራል፣ መጉበጥን ግን አያውቅም። ይህ ጠባይ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ባልጩትም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጥሬ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየተፈለጠ መሣሪያ ይሠራ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቀዋል።

አደባባያችን ስሙን የወሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያን ኢትዮጵያን መጠቅለሏን አልቀበልም ካለችው ከሜክሲኮ ነው። እርሷም የባልጩት ሀገር ነበረች። አዝቴኮች በእንጨት ጎንና ጎን ባልጩት ሰክተው ሰይፍ ያበጁ ነበር። ስለቱ እጅግ የተሳለ ቢሆንም ከስፔኖች ብረት ጋር ሲጋጠም ይሰባበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1521 ዋና ከተማቸው ወደቀች፤ እርግጥ ፈንጣጣውና የጎረቤት ጠላቶቻቸው ለውድቀቷ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው።

ሰንጢው ከተሰበረ ወዲህ የአባቴን ትንሽ ካራ ከሣጥን አወጣሁ። እርሳሴን ይቀርጽበት የነበረው ያ ካራ ከመሳሉ ብዛት ስለቱ ቀጥኗል፤ ይዝጋል፣ ይዶለዱማል፣ ሞረድ ሲያገኝ ግን ይመለሳል። አባቴ ማን እንደሠራው ስጠይቀው «ከገበያ ነው» ይለኝ ነበር። ከሞተ በኋላ አክስቴ እውነቱን ነገረችኝ፦ የሠሩት አያቴ ናቸው፤ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ማረሻውንም ጦሩንም የሠራውን ሰው «ቡዳ» ማለት ግን በአዋጅ አልቀረም፤ አባቴም የአባቱን ሙያ እንደ ነውር ደብቆ ኖረ።

እኔ አልደብቅም። የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነኝ። ካራውን ትናንት ሞርጄዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን እስር የፈታሁት በእርሱ ነው።